ጎታቿ ሜይፍላወርና የእንግሊዝ ቦዮች፦ ለጅማ አንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን «ሜይፍላወር» የተባለች የእንፋሎት ጎታች ጀልባ ፎቶ ከሦስት መስመር ማብራሪያ ጋር አውጥተን ነበር። ሦስት መስመር እንዳልበቃ ከደረሱን ጥያቄዎች ተረድተናል፤ አብዛኞቹ የመጡት ደግሞ ከጅማ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መርከብ የራሱ ሸራ እያለው በትንሽ ጀልባ የሚጎተተው ለምንድን ነው? የጀልባዋንም ታሪክ ዘርዘር አድርጋችሁ ብታቀርቡልን።
— አንባቢ፣ ጅማ መርካቶ

መልስ፦ ባለ ሸራ መርከብ ነፋሱ ከፊቱ ሲመጣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጣጠፈ ነው የሚጓዘው። ለዚህ ሰፊ ውሃ ይፈልጋል። ሜይፍላወር የሠራችበት የግሎስተርና ሻርፕነስ ቦይ ግን ስፋቱ 26 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም 5 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የገባ መርከብ ሸራውን ጠቅልሎ ጎታች ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

ቦዩ የተቆፈረበት ምክንያት የሰቨርን ወንዝ ነው። ግሎስተር ከባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በወንዙ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወንዙ ግን ጠመዝማዛና የአሸዋ ቁልል የበዛበት ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጠዋት የተንሳፈፈ መርከብ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከሻርፕነስ እስከ ግሎስተር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ በወንዙ ጎን ተቆፈረ። ሥራው በ1790ዎቹ ቢጀመርም ገንዘብ እያለቀ ሲቋረጥ ቆይቶ የተከፈተው በ1827 ነው። በጊዜው ከእንግሊዝ ቦዮች ሁሉ ሰፊውና ጥልቁ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጎታቾች ፈረሶች ነበሩ። በቦዩ ዳር በተሠራው መንገድ ላይ ሆነው መርከቡን በገመድ ይስባሉ። ሜይፍላወር የተሠራችው በ1861 ብሪስቶል ውስጥ፣ ሆትዌልስ በሚባለው ሰፈር በነበረው የስቶተርት መርከብ መሥሪያ ነው። ለዚሁ ቦይ ከታዘዙት ሦስት ጎታቾች አንዷ ነበረች። ርዝመቷ 19 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቷ 4 ሜትር አይሞላም።

ዛሬ በሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ግን የ1861ዱ አይደለም። በ1899 የግሎስተሩ ሲሰን ኩባንያ የሠራው ባለ ሁለት ሲሊንደር ኮምፓውንድ ሞተር ተገጠመላት። በኮምፓውንድ ሞተር እንፋሎቱ መጀመሪያ በትንሹ ሲሊንደር ይሠራል፤ ከዚያ ግፊቱ ቀንሶ፣ መጠኑ ሰፍቶ ወደ ትልቁ ይገባና እዚያ ሁለተኛ ይሠራል። አንዴ ተጠቅሞ በጭስ ማውጫ ከመልቀቅ ጋር ሲነጻጸር ለተመሳሳይ ሥራ የሚበላው ድንጋይ ከሰል በግልጽ ያነሰ ነው። በእኛ አስተያየት ጀልባዋ እስከ 1960ዎቹ በሥራ ላይ እንድትቆይ ያደረገው ይህ ቅያሪ ነው። በ1981 ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጥ ተርፋ የብሪስቶል ሙዚየም ገዛት። ተጠግና ዛሬ በብሪስቶል ወደብ፣ ኤም ሼድ ከሚባለው ሙዚየም ፊት ትገኛለች። በዓለም ላይ ከተረፉት ጎታቾች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እንደሆነች ይታመናል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በፎቶው ላይ የመጎተቻው መንጠቆ ከጀልባዋ ጫፍ ሳይሆን ወደ መሐል ገባ ብሎ ይታያል። መኪና ሲጎተት ገመዱ የሚታሰረው ከኋላ ጫፍ ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ?
— ተማሪ፣ ቂጦ ፉርዲሳ

መልስ፦ ጥሩ ታይቷል። መኪና የሚታጠፈው በፊት ጎማው ነው። ጀልባ የምትታጠፈው ግን ከኋላ ያለው መሪ ጅራቷን ወደ ጎን ሲገፋው ነው። ገመዱን ከጅራቷ ጫፍ ብታስር የተጎታቹ ክብደት ጅራቷን ወጥሮ ይይዘዋል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ብታዞረው እንኳ አፍንጫዋ አይዞርም። መንጠቆው ከፕሮፔለሩና ከመሪው ቀደም ብሎ፣ ወደ ጀልባዋ መሐል ሲቀመጥ ጅራቷ በነጻነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል።

ይህ አቀማመጥ ግን የራሱ አደጋ አለው። ጎታቿ ቀስ ስትል ወይም ስትታጠፍ የተጎታቹ መርከብ ፍጥነት አይበርድምና ገመዱ ከኋላ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ይመጣል። የተወጠረ ገመድ መሐሏን ወደ ጎን ሲስባት ጠባቧ ጀልባ በአንድ ጎኗ ትጋደማለች፤ በሰከንዶች ውስጥ ውሃ ገብቶ ልትገለበጥ ትችላለች። መድኃኒቱ በአንድ ምት የሚለቅ መንጠቆ ነው። መንጠቆው ውጥረት ላይ እያለ መልቀቁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሞከር አለበት። ዝገት የያዘው መንጠቆ ገመዱ ላላ ሲል ይከፈታል፣ ሲወጠር ግን ይነክሳል። የሚፈለገው ደግሞ ሲወጠር ነው።

የገመዱም ርዝመት ልክ አለው። በጣም ከረዘመ ተጎታቹ በየመታጠፊያው ወደ ውስጠኛው ዳር ይቆርጥና ጭቃ ላይ ይወጣል። በጣም ካጠረ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚወረውረው ውሃ የተጎታቹን አፍንጫ እየመታ ጉልበቱን ያባክናል። በቦይ ላይ የሚመረጠው ከባሕሩ በጣም ያጠረ ነው።

ተጎታቹ ፍሬን የለውም። በዚህ ቦይ ላይ መርከብ ሲመጣ የሚከፈቱ ብዙ ተዟዟሪ ድልድዮች አሉ፤ ጠባቂው ከዘገየ ጎታቿ ማቆም ትችላለች፣ ከኋላዋ ያለው ብዙ መቶ ቶን ግን መምጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ድልድዩ ገና በሩቅ ሲታይ ነው። መርከቡ ላይ ያሉት ደግሞ ገመድ ወደ ዳር ጥለው በምሰሶ ላይ አንድ ሁለት ዙር ጠምጥመው ቀስ በቀስ እየለቀቁ ያበርዱታል። በአንድ ጊዜ ከያዙት ገመዱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ የእንፋሎት ጎታች ይህን ያህል ጥሩ ከነበረ እንግሊዞች ለምን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በቦዮቻቸው ላይ ፈረስ ይጠቀሙ ነበር?
— መምህር፣ ጂሬን

መልስ፦ መልሱ ያለው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ቦዩ ላይ ነው። ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

መጀመሪያ ዳሩ። ጎታች ጀልባ ለቦይ እንደምትሆን ቀድማ ያሳየችው የዊልያም ሲሚንግተን «ሻርሎት ዳንዳስ» ናት። በ1803 በስኮትላንድ በፎርዝና ክላይድ ቦይ ላይ ባለ 70 ቶን ሁለት ጀልባዎችን በኃይለኛ የፊት ነፋስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ጎትታ ግላስጎው አደረሰች። ሞተሩ ሠራ፤ የቦዩ ባለቤቶች ግን ሞገዱ የአፈሩን ዳር ይንደዋል ብለው ተዉት። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ጀልባ በጠባብ ቦይ ውስጥ ወደ ፊት ስትሄድ ከፊቷ የገፋችው ውሃ በጎኗና ከሥሯ አልፎ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ውሃው በኃይል ይሮጣል፣ በጎኗ ያለው የውሃ ወለል ዝቅ ይላል፣ እሷም አብራ ትሰምጥና ከሥር ወዳለው ጭቃ ትቀርባለች። 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ሞገድ ራሱ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ አይሄድም። ጭነት የሞላች ጀልባ ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ላይ እያለች ነው ግድግዳ የገጠማት ያህል የምትቆመው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ከሰል ፍጥነት አይሰጥም፣ ዳር ያፈርሳል እንጂ።

ሁለተኛው የውሃ በር ነው። ቦይ ኮረብታ የሚወጣው ሁለት ጫፉ በር ባለው ግንብ ክፍል ነው፤ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ተለቆ ወደ ላይ ይነሳል። በእንግሊዝ መሐል አገር የብዙዎቹ በሮች ስፋት ከ2 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ አንድ ጀልባ ብቻ ይይዛል። ጎታች ስድስት ጀልባ ይዛ ብትመጣ ሰንሰለቱ ይፈታል፣ አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ እንደገና ይታሰራል። ከለንደን እስከ በርሚንግሃም ባለው መስመር ከ150 በላይ በሮች አሉ። ፈረስ ግን የራሱን አንድ ጀልባ ይዞ፣ በሩ እስኪሞላ ሣሩን እየጋጠ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ቦታ ነው። በጠባቦቹ ቦዮች ላይ ጎታችና ጫኝ የሆኑ የእንፋሎት ጀልባዎች ነበሩ። በ1909 በፌሎስ፣ ሞርተን ኤንድ ክሌይተን ኩባንያ የተሠራችው «ፕሬዝደንት» ዛሬም አለች። ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን)፣ ሞተሩና ከሰሉ የጭነቱን ቦታ ይሻሙባታል፤ እሳት ለማንደድም ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል። ቀንና ሌሊት ሳይቆም ለሚሮጥ አስቸኳይ ጭነት ያዋጣ ነበር፤ ለተራ ከሰልና ጡብ ግን አያዋጣም። እሷም ብትሆን በ1925 እንፋሎቷ ወጥቶ የነዳጅ ሞተር ገባላት።

የግሎስተሩ ቦይ ግን ሰፊና ጥልቅ ነው፤ ከሁለቱ ጫፎች በቀር በመሐሉ አንድም የውሃ በር የለበትም። ሜይፍላወር የተሳካላት ሞተሯ ከሌሎቹ ስለበለጠ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጎታቾቹ በዋሻ ውስጥም ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ጭሱን እንዴት ይችሉት ነበር?
— አንባቢ፣ ፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ሁልጊዜ አልቻሉትም። ብሊስዎርዝ የተባለው የቦይ ዋሻ 2,813 ሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ የፈረስ መንገድ የለውም። ስለዚህ ፈረሱ በኮረብታው ላይ ይሻገራል፣ ሰዎች ደግሞ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየገፉ ያሳልፉታል። በ1861 «ቢ» የተባለች የእንፋሎት ጀልባ በዚያ ዋሻ ውስጥ ሳለች ሠራተኞቿ ታፍነው ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአየር መውጫ ጉድጓዶች ተጨመሩ። በ1871 ደግሞ በብሊስዎርዝና 1,867 ሜትር በሚረዝመው የብሮንስተን ዋሻ መደበኛ የእንፋሎት ጎታቾች ሥራ ጀመሩ።

የሚገድለው ጥቁሩ ጭስ አይደለም። ጭሱ ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ ሰውም ይሸሸዋል። ገዳዩ አየር ያጠረው እሳት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ የለውም ተብሎ የሚመረጠው የተጣራ ከሰል ይህን ጋዝ እንደ ልብ ያወጣል። የእኛ ቤት የከሰል ምድጃም ሆነ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የሚነሳ ጄኔሬተር ከዚህ የተለየ ነገር አያወጣም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሲጀምር በር ከፍቶ መውጣት እንጂ ጋደም ማለት አይደለም።

ሄርካስል በተባለው ሌላ ዋሻ ከ1914 እስከ 1954 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎታች ነበር። በቦዩ ወለል ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ እየጠመጠመ ራሱን ይስብ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ በእንጨት የሚሠራ የእንፋሎት ቦይለር ላይ እሠራለሁ። በዚያች ጀልባ ላይ እሳቱ ከመለኮሱ አንስቶ ሞተሩ እስኪንቀሳቀስ ያለውን ቅደም ተከተል ብትጽፉልኝ ከራሴ ሥራ ጋር አነጻጽረው ነበር።
— የቦይለር ሠራተኛ፣ ጅማ

መልስ፦ ብዙው አንድ ነው። ከእሳት በፊት ውሃ ይታያል። የመስታወቱ ቱቦ ግማሽ ድረስ መሙላቱ ብቻውን አያሳምንም፤ ቀዳዳው በዝቃጭ ተደፍኖ የትናንቱን ውሃ እያሳየዎት ሊሆን ይችላል። የታችኛውን ማፍሰሻ ይክፈቱ፣ መስታወቱ ባዶ ይሁን፣ ይዝጉ። ውሃው በቅጽበት ተመልሶ ከወጣ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ እየተንፏቀቀ ከወጣ ያጽዱት።

ከዚያ በቦይለሩ አናት ላይ ያለው የአየር መውጫ ተከፍቶ ሥሥ እሳት ይለኮሳል። ትልቅ የመርከብ ቦይለር ከቅዝቃዜ ተነስቶ እንፋሎት እስኪይዝ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መቸኮል አይወድም። ከላይ ያለው ውሃ ሞቆ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ሆኖ ከቆየ ብረቱ እኩል አይሰፋም፤ ቱቦዎቹም ከጫፋቸው መንጠባጠብ ይጀምራሉ። በመውጫው ጥርት ያለ እንፋሎት ሲመጣ አየሩ ወጥቷል ማለት ነውና ይዘጋል።

ሞተሩ ጋ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ የገባ እንፋሎት ወዲያው ውሃ ይሆናል። ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ክዳኑ ሲጠጋ በመሐል ውሃ ካለ ወይ ክዳኑ ይሰነጠቃል ወይ ቢየላው (የፒስተኑን ግፊት የሚያስተላልፈው ዘንግ) ይጎብጣል። ስለዚህ የሁለቱም ሲሊንደሮች ማፍሰሻ ተከፍቶ፣ የእንፋሎቱ ቫልቭ በጥቂቱ ተለቆ፣ ሞተሩ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እየተባለ ይሞቃል። ከማፍሰሻው የሚወጣው ውሃ ቀርቶ ደረቅ እንፋሎት ሲሆን ይዘጋል። ኩሽኔታዎቹ ከዚህ ቀደም ብለው ዘይት ማግኘት አለባቸው።

በጉዞ ላይ ከሰሉ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይጨመራል። በአንድ ጊዜ የተቆለለ ከሰል እሳቱን ያቀዘቅዛል፤ በጭስ ማውጫው የሚታየው ጥቁር ጭስም ያልነደደ ከሰል ነው። ድልድይ ላይ ድንገት ሲቆም ግን ሞተሩ እንፋሎት መውሰዱን ያቆማል፣ እሳቱ ግን አያቆምም። ብልህ አንዳጅ ያንን ጊዜ ለውሃ ማስገቢያ ይጠቀምበታል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ግፊቱን ያበርዳል፣ የማስተንፈሻ ቫልቩም ሳይጮህ ያልፋል።

የቦይ ጎታች ከባሕር ጎታች የምትሻልበት አንድ ነገር ውሃው ጨው አልባ መሆኑ ነው፤ ሲቸግር ከቦዩ ቀድቶ ቦይለር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ጭቃው ከታች ይቀመጣል፣ የኖራ ቅርፊትም ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ ውሃው ሲቆሽሽ ደግሞ አረፋ ይሠራና ከእንፋሎቱ ጋር ውሃ ወደ ሞተሩ ይሻገራል። ዝቃጩ የሚለቀቀው እሳቱ በረድ ብሎ፣ ጭቃው ከተቀመጠ በኋላ፣ በአጭር በአጭሩ ነው።

ውሃው ከመስታወቱ በታች ወርዶ ከጠፋ በፍጹም ቀዝቃዛ ውሃ አያስገቡ። የነደደ ብረት ላይ የፈሰሰ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ ብረቱም ይሰነጠቃል። እሳቱን በእርጥብ አመድ ወይም አፈር ይሸፍኑ፣ የአየር መግቢያውን ይዝጉ፣ የእንፋሎት ቫልቮችን ሳይነካኩ ይራቁ፣ ራሱ ይብረድ። ከእሳቱ ክፍል አናት ላይ የሚገጠመው በእርሳስ የተሞላ የብረት ቡሽ የተሠራው ለዚህ ነው። ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱን እሳቱ ላይ ይለቃል። የቀለጠ ቡሽ በብሎን ደፍኖ ሥራ የሚቀጥል ሰው ካጋጠመዎት ከዚያ ክፍል ይውጡ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሞተር ጅማ ላይ ቢተከል እኩል ይሠራል?
— አንባቢ፣ ቆጪ

መልስ፦ ይሠራል፣ ጥቂት ነገሮች ግን ይለወጣሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 82 በመቶ ይወርዳል። ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግን በ7 ባር ግፊት ላይ የሚኖረው የሙቀት ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም።

ልዩነቱ የሚሰማው በሌሎች ቦታዎች ነው። አየሩ ስለሳሳ እሳቱ በአንድ ሜትር ኩብ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጭስ ማውጫውን ረዘም ማድረግ ወይም ማራገቢያ መጨመር ያስፈልጋል። እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርገው ኮንደንሰር በባሕር ወለል ላይ ቢበዛ እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ቫኪዩም (የአየር ባዶነት) ሊያሳይ ይችላል፤ ጅማ ላይ ጣሪያው 62 ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ የሌለ ቀዳዳ ፍለጋ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ሲፈታ ይውላል።

ፓምፕ ላላችሁም ይጠቅማል፦ ውሃን ከታች ስቦ ማውጣት በባሕር ወለል ላይ በስሌት ደረጃ 10 ሜትር ከ30 ሲሆን ጅማ ላይ 8 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ካለፈ አትድከሙ፣ ፓምፑን ወደ ውሃው አውርዱት።

ጥያቄ፦ በግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ወይም በጅማው የቦዬ ረግረግ ጎታች ጀልባ ማሠራት ይቻላል?
— አንባቢ፣ አጂፕ

መልስ፦ ቦዬ ለጉማሬዎቹ ይበቃል። ግልገል ጊቤ ላይ ውሃው አለ፣ የሚጎተት ጭነት ግን የለም። በምዕራብ አገራችን ጭነትና እንፋሎት የተገናኙት ጋምቤላ ነው። ከ1902ቱ ስምምነት በኋላ በባሮ ወንዝ ላይ በተከፈተው ወደብ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ ነበር። በጋ ላይ ውሃው ስለሚጎድል ሥራው ይቆም ነበር።

ጥያቄ፦ ቦይለሩ በድንጋይ ከሰል ፈንታ የቡና ገለባ ቢሰጠውስ? እዚህ በየመፈልፈያው ተከምሮ ነው የሚቃጠለው።
— የቡና መፈልፈያ ባለቤት፣ ጅማ

መልስ፦ ይነዳል፤ ለከሰል በተሠራ ምድጃ ላይ ግን እንዳለ አይሆንም። የደረቀ ገለባ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከጥሩ ድንጋይ ከሰል ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በጣም ቀላል ስለሆነ ደግሞ ተመሳሳይ ሙቀት ለማግኘት የሚፈለገው የመጋዘን ቦታ ብዙ እጥፍ ነው። ጀልባ ላይ ይህ ብቻውን ጉዳዩን ይዘጋዋል። መሬት ላይ ለተተከለ ቦይለር ግን ገለባው እዚያው ስለሚገኝ ያዋጣል።

ሦስት ችግር ይጠብቁ። ገለባው በከሰል ፍርግርጉ ክፍተት ሳይነድ ይወርዳል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ጠባብ የሆነ ፍርግርግ ያሠሩ። ከወረደው የተረፈው በአየሩ ግፊት ተነስቶ ቱቦዎቹ ውስጥ ይከማቻል፤ በከሰል ጊዜ ከሚጠረጉት በጣም ቶሎ ቶሎ መጠረግ አለባቸው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ደግሞ አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ስለሚያደርገው ፍርግርጉ ላይ እንደ ጠርሙስ ይጋገራል። እሳቱን ከልክ በላይ አያጋግሉ፤ የጋገረውን ገና ትኩስ ሳለ በብረት ዘንግ ይስበሩት፣ ከቀዘቀዘ ፍርግርጉን ይዞ ነው የሚነሳው። ገለባው ተጨምቆ እንደ ጡብ ከተሠራ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮች በእጅጉ ይቀንሳሉ፣ ሦስተኛው ግን እንዳለ ይቆያል። እርጥብ ገለባ አያስገቡ፤ በእጅ ሲጨበጥ ካልተንኮሻኮሸ ገና ነው።